ከአዳማ ወጥቶ በኮሮኮንች መዋል፦ ከጓደኞች ጋር የአንድ ቀን የሞተር ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

ጥር ሲጋመስ አዳማ ዙሪያ ጤፉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ገብቷል። ማሳው ባዶ ነው። የጋሪ መንገዱ ደርቋል። ሞተር ለምንወድ ሰዎች የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ይሄ ነው። በክረምት ዋልካው አፈር ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ፓራፋንጎ ውስጥ ገብቶ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። በበጋ ግን ከከተማው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቀኑን ሙሉ በኮሮኮንችና በአሸዋ ላይ መዋል ይቻላል።

ወደ ዝግጅቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። መጀመሪያ አካባቢ ስንወጣ ሁላችንም የምናየው ፊት ያለውን ነበር። ማን ቀደመ፣ ማን ፈጠነ ነው ወሬው። አንድ ቀን አንዱ ጓደኛችን መንታ መንገድ ላይ ጠፋብን። እኛ በግራ ታጠፍን፣ እሱ ቀጥ ብሎ ሄደ። ጎማው ተበሳ። ስልኩ ኔትወርክ አልነበረውም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ ውሃ አንድ ግራር ሥር ተቀመጠ። እኛ ደግሞ «ይደርሳል» እያልን ሻይ ቤት ቁጭ ብለናል። በመጨረሻ ያገኘነው ከብት የሚጠብቅ ልጅ መርቶን ነው። ጓደኛችን ከንፈሩ ደርቆ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እሱ ግን አልተቆጣንም። ቢቆጣን ይሻል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጋችን አንድ ሆነ። ጉዞው የሚሄደው በመጨረሻው ሰው ፍጥነት ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ብዙው ነገር ከዚህ ሕግ የወጣ ነው።

1. ስንት ሆናችሁ ትወጣላችሁ?

ቢያንስ ሦስት። አንዱ ቢወድቅ አንዱ አጠገቡ ይቀመጣል፣ አንዱ እርዳታ ይጠራል። ሁለት ሆኖ መውጣት ይህን አያስችልም። ብቻውን የሚወጣ ሰው ደግሞ አለ፤ እኔ አልመክርም።

ከስድስት በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ። አሥር ሞተር በአንድ የጋሪ መንገድ ላይ ሲሄድ የኋለኞቹ የሚያዩት አቧራ ብቻ ነው። በየመንታው መጠባበቁም ቀኑን ይበላዋል።

አዲስ ሰው ይዛችሁ ከሆነ በዚያ ቀን መንገዱን ለእሱ ምረጡ። ጎበዙ ሰው ቀላል መንገድ ላይ ምንም አይጎድልበትም። ጀማሪው ግን ከባድ መንገድ ላይ ከወደቀ ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል።

2. ሞተሩ

ውድ ሞተር አያስፈልግም። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያለው ለዚህ አካባቢ ይበቃል። የግብርና ባለሙያዎች ገጠር ለገጠር የሚዞሩባቸው ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125፣ ሆንዳ ኤክስኤል 125 ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ናቸው። ከመሬት ከፍ ይላሉ፣ ቀላል ናቸው፣ መለዋወጫቸውን መካኒኩ ያውቀዋል። ቦክሰር ወይም አፓቼ ያለው ሰውም ይምጣ። ሆዱ ለመሬት ስለሚቀርብ ድንጋይ ላይ ቀስ ማለት ብቻ ነው። ክብደትን አትናቁ። ዛሬ ሞተራችሁ መውደቁ አይቀርም። በፀሐይ አምስት ጊዜ የምታነሱት እናንተ ናችሁ።

ፍተሻው በዋዜማው ማታ ይደረግ። ጠዋት ላይ የተገኘ ብልሽት የሁሉንም ቀን ያበላሻል።

ከሁሉም በፊት የአየር ፊልትሮውን አውጡ። የአዳማ አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው። የቆሸሸ ፊልትሮ ሞተሩን ያፍነዋል፤ የተቀደደ ደግሞ አቧራውን ወደ ውስጥ አስገብቶ ፒስተኑን ይፍቀዋል። ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ እጠቡት። ቀጥሎ በሳሙናና በውሃ እጠቡት። ሳትጠመዝዙ በመዳፋችሁ ጨምቃችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። ሲደርቅ ትንሽ ዘይት አጠጡትና የተረፈውን ጨምቁት። አቧራውን የሚይዘው ያ ዘይት ነው። በቤንዚን ግን አትጠቡት። ስፖንጁን ይበላዋል፣ ለእሳትም አደገኛ ነው።

ቀጥሎ ካቴናው (የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ሰንሰለት)። መሃሉን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ስትገፉት ከ2 እስከ 4 ሳንቲሜትር መጫወት አለበት። በጣም ከጠበቀ ጉድጓድ ላይ ይበጠሳል። በጣም ከላላ ይወልቃል። የፊትና የኋላ ፍሬን፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ መብራት ተራ በተራ ይታይ። የጎማ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በካቻቢቴ መታ መታ አድርጉ። የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ድፍን ይላል። ሁሉንም ቡሎን በቁልፍ ሞክሩ። ኮሮኮንች ቡሎን ያራግፋል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎቹ መሪው ላይ የታሰሩበትን ቡሎን በጣም አታጥብቁት። እጀታው በእጅ ኃይል የሚዞር ያህል ይሁን። ሞተሩ ሲወድቅ እጀታው ይዞራል እንጂ አይሰበርም። ሜዳ ላይ የተሰበረ የፍሪሲዮን እጀታ ማለት ጉዞው አለቀ ማለት ነው።

የጎማ ነፋስ አስፋልት ላይ ወደ 28 ፒ.ኤስ.አይ ከሆነ፣ ኮሮኮንች ላይ ስትገቡ ወደ 20 አውርዱት። ጎማው መሬቱን ይበልጥ ይይዛል፣ እጃችሁም ያርፋል። ከዚያ በታች አትውረዱ። ድንጋይ ላይ ካላማዳሪያው (ነፋስ የሚይዘው የውስጥ ጎማ) በቸርኬውና በድንጋዩ መሃል ተጨፍልቆ ሁለት ቦታ ይበሳል። ትንሽ የነፋስ መለኪያ ኪስ ውስጥ ያዙ። በእግር ረግጦ መገመት አይሠራም።

3. ልብስ

ሄልሜት የሌለው ሰው አይወጣም። ጓደኛ ቢሆንም፣ «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» ቢልም አይወጣም። በዚህ ነገር ድርድር የለንም።

ሌላው ከገበያ በቀላሉ ይሞላል። የወታደር ቦት ጫማ ቁርጭምጭሚትን ይይዛል፤ ስኒከር አይይዝም። ወፍራም ጂንስ፣ እጅጌው ረጅም የጥጥ ሸሚዝ፣ የቆዳ ጓንት ልበሱ። የጉልበትና የክርን መከላከያ ማግኘት ካልቻላችሁ ቢያንስ እግር ኳስ ተጫዋቾች የሚያደርጉትን የቅልጥም መከላከያ ከሱሪው ሥር አድርጉ። ዓይንን የሚሸፍን መነጽር የግድ ነው። አፍንጫና አፍ ላይ የሚታሰር ሻሽ ሁለት ያዙ። አንዱ እስከ ምሳ ድረስ ቡናማ ይሆናል።

4. የሚያዝ ዕቃ

ለእያንዳንዱ ሰው፦ ከ3 እስከ 4 ሊትር ውሃ፣ መንጃ ፈቃድ፣ መታወቂያ፣ የሞተሩ ሊብሬ፣ የተሞላ ስልክ፣ ጥቂት ዝርዝር ብር።

ለቡድኑ፦ ለፊትም ለኋላም ልክ የሆነ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ፖምፓ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጎማ መፍቻ ብረት፣ መጣፊያ፣ ማስቲሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ትርፍ ካንዴላ ከነቁልፉ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የካቴና ማያያዣ፣ ሽቦ፣ የኤሌክትሪክ ፕላስተር፣ መጎተቻ ገመድ፣ ፋሻ፣ የቁስል ማጽጃ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፓኬት ኦ.አር.ኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት)።

ዕቃውን አንድ ሰው ላይ አትቆልሉት። ፖምፓውን አንዱ፣ ካላማዳሪያውን ሌላው፣ መፍቻውን ሦስተኛው ይያዝ። ማን ምን እንደያዘ ግን ሁሉም ይወቅ። የመጨረሻው ሰው ሁልጊዜ የጎማውን ዕቃ ቢይዝ ጥሩ ነው። ከኋላ የሚመጣ ሰው የተበሳውን ማግኘቱ አይቀርም። ፊት ያለው ይዞት ከሄደ ግን መመለስ አለበት።

5. መንገድ መምረጥ

ለመጀመሪያ ቀን በደርሶ መልስ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ይበቃል። አስፋልት ላይ ይህ ምንም አይደለም። አሸዋና ድንጋይ ላይ ግን ሙሉ ቀን ነው።

እኛ የምንወደው አቅጣጫ በአሰላ መንገድ ወደ አዋሽ መልካሳ፣ ከዚያ ወደ ሶደሬ የሚወስደው ነው። ሶደሬ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋናው መንገድ ሁልጊዜ በጎን ስለሚገኝ ጀማሪ ቢደክመው ወደ አስፋልት መውጣት ቀላል ነው። ደስታው ያለው ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ በሚወጡት የጋሪ መንገዶች ላይ ነው። ግራሩ፣ ደረቅ ወንዙ፣ ድንጋያማው ኮረብታ ሁሉም በአጭር ርቀት ይገኛል።

ሁለተኛው ምርጫ በወንጂ በኩል ነው። እዚያ መንገዱ ለጥ ያለና ለጀማሪ ምቹ ነው። ግን ሁለት ነገር አስቡ። የሸንኮራው እርሻ ሆላንዶች በ1940ዎቹ ከጀመሩት ጊዜ አንስቶ በካናልና በቀጥተኛ መንገዶች የተከፋፈለ ነው። አገዳው ሲያድግ ግራም ቀኝም አንድ ዓይነት ይሆንና መውጫው ይጠፋባችኋል። ደግሞም የእርሻው መንገድ ባለቤት አለው። ጥበቃዎቹን ሳትጠይቁ አትግቡ። «አይቻልም» ካሉም አመስግናችሁ ተመለሱ። አገዳ ሲቃጠልና ሲጫን ደግሞ ከባድ መኪና ይበዛል፤ ያን ቀን ሌላ ቦታ ሂዱ።

በቦሰት ተራራ በኩል መሄድ ለለመደ ሰው ነው። መልክዓ ምድሩ ያምራል። ነገር ግን እሳተ ገሞራ የተፋው ባልጩት ጎማ እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

የትኛውንም ብትመርጡ በዋዜማው የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። መንገዱ ሰላም ነው? ድልድዩ አለ? ለቅሶ ወይም ሠርግ አለ? የምታውቁት የጋሪ ነጂ ወይም የባጃጅ ሹፌር ከማንኛውም የስልክ ካርታ ይበልጣል። «ዘንድሮ በዚያ በኩል ባትሄዱ» ካሏችሁ ለምን ብላችሁ አትከራከሩ። ስለ ሞተር የሰዓት ገደብም በዚያው ጠይቁ፤ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለዋወጣል።

ከከተማው ስትወጡ የሚያገኟችሁ ገበሬዎች አብዛኞቹ ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው። ሄልሜታችሁን አውልቁ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ «አካም ጅርቱ» በሉ። ቀጥሎ «ካራን ኩን ኤሳ ጌሳ?» ብትሉ፣ ይህ መንገድ ወዴት ይወስዳል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ መንገዱን ብቻ ሳይሆን ውሃም ይሰጧችኋል። ስትለዩ «ገለቶማ» በሉ።

6. የጠዋቱ ሰዓት

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ተገናኙ። ነዳጅ የሚገኝበት ቀን እርግጠኛ ስለማይሆን ግን በዋዜማው ሞልቶ ማደር ይሻላል። የነዳጅ ቧንቧው «ሪዘርቭ» (መጠባበቂያው) ላይ አለመሆኑን እዩ። ሪዘርቩን ሳያውቁ ጨርሰው መሃል መንገድ የቆሙ ብዙ ናቸው።

12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ነፋሱም አልተነሣም። ከባዱን መንገድ በዚህ ሰዓት ጨርሱት። ከ5 እስከ 8 ሰዓት ተኩል ጥላ ውስጥ እረፉ። ከዚያ በቀላሉ መንገድ ተመለሱ። 10 ሰዓት ላይ አስፋልት ላይ መሆን አለባችሁ። ማታ ኮሮኮንች ላይ አትንዱ።

ቁርስ በልታችሁ ውጡ። ጨጨብሳ እስከ ምሳ ያቆያል።

7. አሰላለፍ

ፊት የሚሄደው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው። መጨረሻ ላይ የሚሄደው በመንዳትም በጥገናም የተካነ ሰው ነው። ጀማሪው ሁለተኛ ይሁን። ፊተኛው በመስታወት ያየዋል፣ አቧራውም አይበዛበትም።

አሁን ዋናው ደንብ። እያንዳንዱ ሰው ከኋላው ላለው ሰው ኃላፊ ነው። መንታ መንገድ ላይ ስትደርሱ ቁሙ። ከኋላችሁ ያለው ሰው እስኪታይና ወዴት እንደምትታጠፉ እስኪያይ ድረስ አትንቀሳቀሱ። እሱም በተራው እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ከተጠበቀ ማንም አይጠፋም። የኋለኛው ሦስት ደቂቃ ከዘገየ ወደ ኋላ ተመለሱ። «ይደርሳል» አትበሉ።

ርቀታችሁን አቧራው ይወስን። ጠዋት ከከተማ ስትወጡ ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች እዩ። ሁለቱ የአዳማ ጣቢያዎች አንድ ላይ 136 ተርባይን አላቸው፣ ያለምክንያት እዚህ አልተተከሉም። ነፋሱ የሚመጣው እነሱ ፊታቸውን ካዞሩበት በኩል ነው። ነፋሱ ከጎን ከሆነ አቧራው ቶሎ ይጠረጋል፤ 30 ሜትር ይበቃል። ከኋላ ከሆነ አቧራው አብሯችሁ ይጓዛል፤ ያኔ 100 ሜትርም ላይበቃ ይችላል። ምንም ካላያችሁ ቁሙ። ባልታየ መንገድ ላይ መንዳት ድፍረት አይባልም።

8. አነዳድ

ኮሮኮንች ላይ መቀመጫው ላይ አትደላደሉ። የእግር መርገጫው ላይ ቁሙ። ጉልበት ትንሽ ታጥፎ፣ ክርን ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ታንከሩን በጉልበት ያዝ አድርጋችሁ። ጉልበታችሁ እንደ ሞላ ይሠራል። መሪውን አትጨብጡት፤ ያዙት ብቻ። እጁን አጥብቆ የያዘ ሰው በ20 ደቂቃ ክንዱ ይደነዝዛል። ዓይን ከፊት ጎማው ላይ ይነሣ። ጉድጓዱን ካያችሁ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባላችሁ። ማለፊያውን እዩ፤ ሞተሩ ዓይንን ይከተላል።

አሸዋ ብዙዎቻችንን የሚጥል ነው። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ስትገቡ የፊት ጎማው ግራና ቀኝ ይዋኛል። ያስፈራል። የሰው ደመ ነፍስ ነዳጅ መቀነስ ነው፤ ያኔ የፊት ጎማው ይሰምጥና ይጥላችኋል። ተቃራኒውን አድርጉ። ከመግባታችሁ በፊት ሁለተኛ ማርሽ ያዙ። ክብደታችሁን ወደ ኋላ ውሰዱ። ነዳጁን ሳትቀንሱ፣ ሳትጨምሩም፣ እኩል ስጡ። መሪው ይዋኝ፤ አትታገሉት። ከሩቅ ያለውን የምትወጡበትን ዳር እዩ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ቆማችሁ ምሳ አትብሉ፤ በተለይ ከየካቲት በኋላ። የበልግ ዝናብ ተራራው ላይ ይጥልና እናንተ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ጎርፉ ይመጣል።

ዳገት ላይ ፍጥነቱ የሚወሰደው ከሥር ነው። መሃል ላይ ማርሽ መቀየር ያስቆማል። ክብደት ወደ ፊት ይሁን። ሞተሩ ከጠፋባችሁ ማርሽ ውስጥ ተዉትና ፍሪሲዮኑን ልቀቁ። የኋላው ጎማ ይቆለፋል፤ የፊት ፍሬን ብቻውን ግን አይይዝም። ውረዱና ከላይ በኩል ቁሙ። ሞተሩ ቢንሸራተት ከታች ያለውን ሰው ነው የሚያገኘው። ቀስ ብላችሁ አዙሩት፣ ወርዳችሁ እንደገና ጀምሩ። ዳገቱ ላይ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ቀጣዩ ታች ይጠብቅ።

ቁልቁለት ላይ አንደኛ ማርሽ። ፍሪሲዮን አትያዙ። ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል። ክብደት ወደ ኋላ። የኋላውን ፍሬን በልክ፣ የፊቱን በአንድ ጣት።

ሰውና እንስሳ ሲገኝ ወደ እርምጃ ፍጥነት ውረዱ። ቢጫ ጀሪካን የጫነች አህያ ጆሮዋን ወደ ኋላ ከጣለች ልትደነብር ነው። የዚያች አህያ ውሃ ከፈሰሰ አንዲት እናት እንደገና ወንዝ ትወርዳለች። ግመል ካለ ሞተሩን አጥፉ። ልጆች ከኋላ ይሮጣሉ፤ አትፎክሩላቸው። ገና ያልታጨደ ማሳ ውስጥ ወይም አውድማ ላይ በምንም ምክንያት አትግቡ። የባቡሩን ሐዲድ በመሻገሪያው ብቻ ተሻገሩ።

9. ጎማ ሲበሳ

ይበሳል። የግራር እሾህ አለ። ስለዚህ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ተለማመዱ። ሰፈር ያለው ጎሚስታ ዘንድ ሄዳችሁ አንድ ግማሽ ቀን ብትረዱት ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ የበለጠ ትማራላችሁ። እኔ የተማርኩት እንደዚያ ነው።

ሞተሩን ጥላ ውስጥ፣ ጠንካራ መሬት ላይ፣ ከሆዱ ሥር ድንጋይ አድርጋችሁ አቁሙ። ጎማውን ፍቱ። ቡሎኖቹን ሄልሜት ውስጥ አስቀምጡ፤ አሸዋ ላይ የወደቀ ዳዶ አይገኝም። የቀረውን ነፋስ አውጡ። የጎማው ከንፈር ከቸርኬው አልላቀቅ ካለ ጎማውን መሬት ላይ አጋድሙትና የሌላውን ሞተር የጎን ማቆሚያ እግር ከንፈሩ ላይ አሳርፋችሁ ተጫኑ። ይላቀቃል። ከዚያ በሁለቱ ብረት ትንሽ በትንሽ አውጡት። በብዛት ለማውጣት የሞከረ ሰው ካላማዳሪያውን ራሱ ይበሳዋል።

ካላማዳሪያውን ካወጣችሁ በኋላ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። የጎማውን ውስጥ በጣት ዳብሱ፣ ቀስ ብላችሁ። እሾሁ እዚያው ካለ አዲሱንም ካላማዳሪያ በደቂቃ ይበሳዋል። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ የጣፍነው በአንድ እሾህ ምክንያት ነው።

ትርፍ ካላማዳሪያ ካለ እሱን አስገቡ፣ የተበሳውን በእረፍት ሰዓት ጣፉት። መጣፍ ግድ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ማስቲሹን ቀጭን አድርጋችሁ ቀቡ። በጣት ሲነካ እስከማይጣበቅ ድረስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ መጣፊያውን ለጥፋችሁ በብረት ጀርባ ተጫኑት። ካላማዳሪያውን ከማስገባታችሁ በፊት ትንሽ ንፉት፤ አይጠማዘዝም። ከንፈሩን ስትመልሱ ተቃራኒውን ጎን በጉልበታችሁ ወደ ቸርኬው መሃል አስገቡት፤ ያኔ መጨረሻው ይላላል። ነፋስ መሙያው ያለበት ቦታ የመጨረሻ ይሁን።

10. እረፍትና ምግብ

ሙቀት ላይ ከባድ ምሳ አያዋጣም። በሶ፣ ጩኮ፣ ቆሎ፣ ብርቱካን ይበቃል። በሶ ውሃ ብቻ ይፈልጋል፣ አይበላሽም፣ ጉልበት ይሰጣል። ቢራና ጫት ቤት ስትመለሱ ይደርሳል፤ ቀን ላይ የጠጣ ሰው ቁልፉን ይስጥ።

ውሃ ሳይጠማችሁ በየ20 ደቂቃው ጠጡ። ራሱን የሚያመው፣ የሚያዞረው ወይም ላቡ የቆመ ሰው ካለ ጉዞው ይቁም። ጥላ ውስጥ አስተኙት፣ ሸሚዙን አርጥቡ፣ ኦ.አር.ኤስ በጥቂት በጥቂቱ ስጡት። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ንግግሩ ከተዘባረቀ ወይም ራሱን ከሳተ በአፍ ምንም አትስጡት፤ በውሃ እያቀዘቀዛችሁ ቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

አዋሽ ወንዝ ዳር ማረፍ ደስ ይላል። ግን አትዋኙበት፣ እግራችሁንም አትንከሩ። አዞና ጉማሬ አለው። ጉማሬ ማታና ማለዳ ከውሃ ይወጣል፤ የሚወጣበትን መንገድ ዘግታችሁ አትቀመጡ።

11. ሰው ሲወድቅ

መጀመሪያ መንገዱን ዝጉ። አንድ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ የሚመጣውን ያስቁም። ሞተሩን አጥፉ፣ ቤንዚን ከፈሰሰ አርቁ። የወደቀውን ሰው በችኮላ አታንሱት። «ምንም አልሆንኩም» ቢልም ሁለት ደቂቃ ይተኛ። አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው፣ እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ ካቃተው፣ አታንቀሳቅሱት። በደንብ እየተነፈሰ ከሆነ ሄልሜቱንም አታውልቁ። የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ።

እግር በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ሲቃጠል የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ ወይም ቅቤ አይቀባም። 20 ደቂቃ ንጹሕ ውሃ አፍስሱበት። ለዚህም ነው ውሃ በብዛት ያዙ የምለው።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ሜዳው ላይ መኪና ስለማይደርስ አንድ ሰው አስፋልት ወጥቶ ይጠብቅና ይምራ። ራሱን መትቶ የሚያስመልሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ሰው ካለ «ቤት ይረፍ» አትበሉ፤ በቀጥታ ሆስፒታል።

12. ከተመለሳችሁ በኋላ

አስፋልት ላይ ስትደርሱ ቁሙና ጎማውን ወደ 28 መልሱ። በለሰለሰ ጎማ ፈጥኖ መንዳት ያንሸራትታል። ፍሬኑን ሞክሩ። አቧራ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ከተማ ስትገቡ ሁሉም በአንድ ላይ ይግባ፣ ሁሉም ቤቱ ሲደርስ ስልክ ይደውል። የመጨረሻው ሰው እስኪደውል ድረስ ማንም አይተኛም።

ሞተሩን ለነገ አታሳድሩት። በከፍተኛ ግፊት ውሃ አትጠቡት፤ ውሃው ግሪሱን ከየመገጣጠሚያው ያስወጣል። በባልዲና በስፖንጅ እጠቡ፣ ካቴናውን አድርቁና ዘይት ቀቡ። ቡሎኖቹን እንደገና ሞክሩ፤ ሁለት ሦስት የላሉ ታገኛላችሁ። ፊልትሮውን አውጥታችሁ በነጭ ጋዝ እጠቡትና ጥላ ላይ ስቀሉት። የተጣፈውን ካላማዳሪያ ነፍታችሁ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ንከሩት። አረፋ ካላወጣ አጣጥፋችሁ ወደ ቦርሳው መልሱት።